ስልሳ ቀን፦ ስለ ጎርፍ ኢንሹራንስና ስለምንፈርመው ቃለ መሐላ

(በሂውስተን፣ ቴክሳስ በአንድ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የእድራችን አባላት በሙሉ፤ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ዝናብ፣ ከሥራ ቀርታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

አስቀድሜ ልጠይቃችሁ። በ2017 በሃርቪ ማዕበል ጊዜ ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው እጁን ያውጣ። አዎ፣ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ መካከል የጎርፍ ኢንሹራንስ ያልነበራችሁ አውርዱ። አሁን ደግሞ ኢንሹራንስ ኖሯችሁ የሚገባችሁን ሁሉ ያላገኛችሁ አውርዱ። ሦስት እጅ ብቻ ቀርቷል። አያችሁ? ከእኔ ጋር የወረዱት እጆች ናቸው ዛሬ እዚህ ያቆሙኝ።

የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛው ፕሩፍ ኦፍ ሎስ ይባላል። እኔ በአማርኛ የጉዳት ቃለ መሐላ እለዋለሁ። «የደረሰብኝ ጉዳት ይህን ያህል ነው፣ የምጠይቀውም ይህን ያህል ነው» የምትሉበት መግለጫ ነው። እውነት ስለመሆኑም በፊርማችሁ የምትምሉበት ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ ወረቀቱ የማን እንደሆነ፣ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር፣ ውስጡ ምን እንደሚጻፍ።

የመጀመሪያውን በራሴ ታሪክ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ብሬስ ባዩ ከሚባለው ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። ኦገስት 27፣ እሁድ ሊነጋ ሲል፣ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ሳሎን ስገባ ምንጣፉ ከሥሩ ውሃ ገብቶበት፣ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ ተነፍቶ ሲነሳ አየሁ። ጎህ ሲቀድ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል። ልጆቹን ጎረቤት ፎቅ ላይ አውጥተን ቀኑን ሙሉ ዝናቡን ስናይ ዋልን።

የጎርፍ ኢንሹራንስ ነበረን። ከኩባንያው የተላከው ጉዳት ገማች፣ አጃስተር የምንለው ማለት ነው፣ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ትሁትና ጨዋ ሰው ነበር። ክፍሎቹን ለካ፣ ፎቶ አነሳ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እርሱ የገመተው ገንዘብ ተሞልቶበት የተዘጋጀ ወረቀት ላከልኝ። ፈረምኩ። ቼኩ መጣ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

በፌብሩዋሪ 2018 አናጢው የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ሲነቅል ከኋላው ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሻጋታ ጠቁሯል። እንጨቱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። የጥገናው ግምት 17 ሺህ ዶላር ሆነ። ግምቱንና ፎቶዎቹን ለገማቹ በኢሜይል ላክሁ፤ ስልክም ደወልኩ። «ደርሶኛል፣ እናየዋለን፣ አትጨነቅ» አለኝ። እኔም አልተጨነቅሁም። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ደብዳቤ መጣ። ለተጨማሪው ገንዘብ በጊዜው የተፈረመ ቃለ መሐላ ስላላቀረብህ ጥያቄህን አንቀበልም ይላል።

ግምቱ ደርሷቸዋል። ፎቶው ደርሷቸዋል። ደረሰኙ ደርሷቸዋል። ያልደረሳቸው ፊርማዬ ያለበት አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። በዚያች ቅጠል ምክንያት 17 ሺህ ዶላር ከልጆቼ ትምህርት ላይ ወጣ።

ገማቹ ዋሽቶኝ ነበር? አይመስለኝም። አያገባውም ነበር እንጂ። የውሉን ቃል በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ ገማቹ ቅጹን ቢሰጣችሁ፣ ሲሞላም ቢያግዛችሁ፣ ይህ ለትብብር ያህል ብቻ ነው። ባይሰጣችሁም፣ ባያግዛችሁም እናንተ በጊዜው የመላክ ግዴታ አለባችሁ። ገማቹ ጥያቄያችሁን የማጽደቅም ሆነ የመጣል ሥልጣን እንደሌለውም እዚያው ተጽፏል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? እኔ በቃል የተነገረኝን ይዤ ቀረሁ።

እና ወረቀቱ የማን ነው? የእናንተ ነው። የገማቹ አይደለም፣ የኩባንያው አይደለም፣ ቤቱን የሚጠግነው ሰውም አይደለም። ገማቹ የጻፈው ቁጥር የገማቹ ግምት ነው። እናንተ ከፈረማችሁበት የእናንተ ቃል ይሆናል። ካልተስማማችሁበት የራሳችሁን ቁጥር፣ በራሳችሁ ቅጽ፣ ከነማስረጃው ትልካላችሁ። ኩባንያው የሚስማማበትን ክፍል ከፍሎ በቀረው መነጋገር ይችላል። ከፈረማችሁ በኋላ አዲስ ጉዳት ከተገኘ ደግሞ ለተጨማሪው እንደገና ፈርማችሁ ትልካላችሁ። እንደገና! እባካችሁ ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ይህን ያህል ጥብቅነት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። አብዛኞቻችን ያለን የጎርፍ ኢንሹራንስ በ1968 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው፤ የሚያስተዳድረው ፌማ፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ከ1983 ጀምሮ የግል ኩባንያዎች በስማቸው ይሸጡታል፤ በደብዳቤው አናት ላይ የምታዩት ስም የእነርሱ ነው። ካሳው የሚከፈለው ግን ከፌዴራል መንግሥት ነው፤ የውሉም ቃል በፌዴራል ደንብ የተጻፈ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን ፍርድ ቤቶች ስንዝር ታህል አያልፉም።

በ1945 በአይዳሆ ግዛት የሆነ ነገር አለ። ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬዎች ከመንግሥት የሰብል ኢንሹራንስ ሊገቡ ወደ አካባቢው ተወካይ ሄዱ። አብዛኛው የተዘራው ቀድሞ የክረምት ስንዴ በነበረበት መሬት ላይ እንደገና የተዘራ የጸደይ ስንዴ መሆኑን ምንም ሳይደብቁ ነገሩት። ይሸፈናል አላቸው። ድርቅ መጥቶ ሰብሉን አጠፋው። ለካ ደንቡ እንደዚያ ያለውን ስንዴ አይሸፍንም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1947 ተፈረደባቸው። ደንቡ በመንግሥት ጋዜጣ ታትሟልና ገበሬው ቢያውቅም ባያውቅም፣ ተወካዩ ሌላ ቢነግረውም፣ ይገዛበታል ተባለ። ቴክሳስን የሚያካትተው፣ ኒው ኦርሊንስ የሚቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም የጎርፍን ቃለ መሐላ በዚሁ ዓይን ነው የሚያየው።

እኔ ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል። እርሻውን ያጣ ገበሬ የመንግሥት ጋዜጣ ሲያነብ እንዲያድር መጠበቅ ከባድ ነው። ግን ሕጉ እንዲህ ነው፤ እኛም የምንኖረው ከሕጉ ጋር ነው። በስልክ «ግድ የለም» ያላችሁ ሰው ግዴታችሁን ሊያነሳላችሁ አይችልም። የውሉን ግዴታ ማንሳት የሚችለው በፌዴራል ደረጃ ያለው የፕሮግራሙ ኃላፊ ብቻ ነው፤ እርሱም በጽሑፍ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ቀኑ። ይህ አጭር ነው። 60 ቀን ነው። ከመቼ ጀምሮ? ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ገማቹ ከመጣበት ቀን አይደለም። ስልክ ከደወላችሁበት ቀን አይደለም። ውሃው ከቤታችሁ ከወጣበት ቀንም አይደለም። ጎርፉ ኦገስት 27 ቢገባ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 26 ነው። በሃርቪ ጊዜ ጥፋቱ ከመጠን በላይ ስለነበር ፌማ 60ውን ቀን ወደ 365 አራዝሞት ነበር፤ እኔን ያመለጠኝ ያ የተራዘመው ነው። ሁልጊዜ ይራዘማል ብላችሁ ግን እንዳትቀመጡ። ውሃው በገባ ዕለት 60ውን ቆጥራችሁ በግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አክብቡት። ስትልኩ በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዙ፤ የወረቀቱን ቅጂ አስቀሩ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ፌማ ደውዬ ተመዝግቤያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። ያ የአደጋ ጊዜ እርዳታ ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ ሌላ ነው። አንዱን ማድረግ ሌላውን አይተካም። ቃለ መሐላው የሚላከው በውላችሁ ላይ ስሙ ላለው ኩባንያ ነው።

ሦስተኛው፣ ውስጡ ምን ይጻፋል? እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ።

ቅጹ ራሱ አያስፈራም። የውል ቁጥር፣ ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ እንዴት እንደደረሰ በአጭሩ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ የቤት ብድር የሰጠው ባንክ ማን እንደሆነ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር። ከዚያ ገንዘቡ። ከሥሩ ደግሞ ፊርማ። ሥራው ከወረቀቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ማስረጃ ላይ ነው፤ የጥገናው ዝርዝር ግምትና የተበላሹት ዕቃዎች ዝርዝር። ቤቱና የቤት ዕቃው ለየብቻ የሚገዛ ሽፋን እንደሆነም አስታውሱ። ለመኖሪያ ቤት ጣሪያው 250 ሺህ ዶላር፣ ለዕቃ 100 ሺህ ዶላር ነው። ባንኩ ያስገደዳችሁ ለቤቱ ብቻ ሊሆን ይችላልና ውላችሁን እዩ። ተከራይ የሆናችሁም ለዕቃችሁ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ።

ስለ ዕቃ ዝርዝር ስነግራችሁ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ስማቸውን አልጠራም። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በሃርቪ ጊዜ ቤታቸውን ለማጽዳት ስንሄድ ገማቹ ቀድሞን መጥቶ ነበር። የጻፈውን አሳዩኝ። መሶባቸውን «ቅርጫት» ብሎ 15 ዶላር ሰጥቶታል። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን «የሥጋ መጥበሻ» ብሎታል። ረከቦቱን አልጻፈውም። የሐረር መሶብ፣ ክዳኑ በቆዳ የተለበጠ፣ እናታቸው ለሠርጋቸው የሰጧቸው፣ ጭቃ ጠጥቶ ተሰንጥቆ ግቢው ውስጥ ተደፍቷል፤ በወረቀት ላይ ግን 15 ዶላር ነው።

ገማቹ ክፉ ሆኖ ነው? አይደለም። አያውቀውም። ማን ያሳውቀው? የዕቃው ባለቤት ናት የምታሳውቀው። ተቀምጠን ክፍል በክፍል ጻፍን። ስንት ነው፣ ምንድን ነው፣ መቼ ተገዛ፣ አሁን ቢገዛ ስንት ነው። መሶቡን ከሚሸጡ ሱቆች ዋጋ ጠይቀን በጽሑፍ አስያዝን። ምጣዱን ከነመለያ ቁጥሩ ጻፍን። ለቤት ዕቃ የሚከፈለው አዲስ የሚገዛበት ዋጋ ሳይሆን እርጅናው ተቀንሶ ያለው ዋጋ ነውና፣ ዕድሜውን በሐቅ አስቀመጥን። እና ምን አመጡ መሰላችሁ? ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ደረሰኝ ሁሉ የሚያስቀምጡበት ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ። ሁላችንም ቤት ያለው፣ መርፌና ክር የሚቀመጥበት ቆርቆሮ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበር አልረጠበም። የማቀዝቀዣው ደረሰኝ፣ የአልጋው ደረሰኝ፣ የሶፋው ደረሰኝ፣ ሁሉም በየዓመቱ ተጣጥፎ። ደረሰኞቹን ሲያዩ ዕንባቸው መጣ፤ እኛንም አስለቀሱን።

ዝርዝሩ አለቀና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። አልፈርምም አሉ። «ልጄ፣ እምላለሁ ይላል እኮ። እኔ ዋጋውን በምን አውቄ ነው የምምለው?» አሉኝ።

ይህን ከብዙዎቻችሁ ሰምቼዋለሁ። የኔም እናት መሐላ አይወጣቸውም ነበር፤ ገበያ ላይ ነጋዴው ይማሉ ካላቸው ዕቃውን ትተው ይሄዱ ነበር። መሐላን መፍራት ጥሩ ነው። ቅጹ ላይ እያወቀ የዋሸ ሰው በፌዴራል ወንጀል ይጠየቃል፤ ያልጠፋውን ጠፋ ያለ ውሉ በሙሉ ሊሰረዝበት ይችላል። ፍራቻው ግን እውነተኛውን ነገር ከመናገር ሊያግደን አይገባም። ለእናታችን ያነበብኩላቸውን ለእናንተም ልድገመው። ውሉ መጠኑን በራሳችሁ ፍርድ ወስናችሁ አስረዱ ነው የሚለው። የምትምሉት ትንቢት ላይ አይደለም። በቅን ልብ፣ ማስረጃችሁን ይዛችሁ፣ የምታውቁትን ያህል መናገራችሁ ላይ ነው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ መሶቡ የተጻፈበትን ቦታ አሳየኝ አሉ፤ አሳየኋቸው፤ ፈረሙ። ቀደም ሲል እጃቸው ካልወረደው ሦስት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ናቸው።

መሐላን ስንፈራ ይሉኝታም ይዞናል። «ይህን ያህል ብጠይቅ ስግብግብ ይሉኛል» ብሎ የጠፋውን ግማሽ የሚጽፍ ሰው አለ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለዓመታት አረቦን ከፍላችኋል። የምትጠይቁት ምጽዋት አይደለም። ግማሹን ብቻ መጻፍ ትሕትና አይደለም፤ የልጆቻችሁን ሐቅ መተው ነው።

የማይሸፈነውንም እወቁ፤ ኋላ እንዳታዝኑ። ጥሬ ገንዘብ አይሸፈንም። የእቁብ ዕጣ ደርሷችሁ በመሳቢያ ያስቀመጣችሁት ብር ቢሆንም። በእጅ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ አይሸፈንም። ወርቅ፣ ጌጣጌጥና የሥዕል ሥራ አንድ ላይ ተደምሮ ከ2,500 ዶላር በላይ አይከፈልበትም፤ እናቶች፣ ይህን ስሙ፤ ወርቃችሁን ከፍ ካለ ቦታ አኑሩት። ታክሲና መኪና በዚህ አይሸፈንም፤ ለእርሱ በመኪና ኢንሹራንሳችሁ ላይ ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል። ቤቱ እስኪጠገን የምታድሩበት ሆቴልም አይከፈልም።

ውሃው የወጣ ዕለት እጃችሁ ምን ይሥራ? ምንም ነገር ሳትጥሉ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ሜትር አቁማችሁ አንሱት። የማቀዝቀዣውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ የምጣዱን መለያ ቁጥር አንሱ። ከምንጣፉ አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በላስቲክ ቋጥሩ። የተበላሸውን ካልተበላሸው ለዩ። በሃርቪ ጊዜ ሻጋታውን ፈርተን ሁሉንም በአንድ ቀን መንገድ ዳር ከመርን፤ የከተማው መኪና መጥቶ ወሰደው፤ ማስረጃችንም አብሮ ሄደ። ገንዘብ ቸግሯችሁ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጣችሁ ኩባንያውን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የካሳ ጥያቄው እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ የለባችሁም።

ከጎርፉ በኋላ በር እያንኳኳ «ኢንሹራንሱን እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ቤት ጠጋኝ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። በቴክሳስ ሕግ ቤት የሚጠግን ሰው በእናንተ ስም ከኢንሹራንስ ጋር ሊደራደር አይችልም። ለዚህ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ እነርሱም ከምታገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ በላይ መውሰድ አይፈቀድላቸውም።

ጥያቄያችሁ በሙሉ ወይም በከፊል ውድቅ ከሆነ በጽሑፍ ይነገራችኋል። ያ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ሁለት የጊዜ ገደቦች መቆጠር ይጀምራሉ። ለፌማ ይግባኝ ለማለት ከደብዳቤው ቀን 60 ቀን አላችሁ። ለመክሰስ ደግሞ አንድ ዓመት፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ። ይግባኝ ማለታችሁ አንዱን ዓመት አያስቆመውም። እኔ ይህንንም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፤ አበቃለሁ። የጎርፍ ኢንሹራንስ ዛሬ ብትገዙ ሥራ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ የማዕበሉ ወቅት ጁን 1 ይገባል፤ አሁን ኤፕሪል ነው። ከቡናው በኋላ እዚያ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ባዶውን ቅጽ አትሜ አምጥቻለሁ፤ አርባ ቅጂ ነው። ኮምፒውተር የሚችሉ ሁለት ልጆቻችንም አብረውኝ አሉ። የውላችሁን የመጀመሪያ ገጽ የያዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን፤ ለዕቃው ሽፋን እንዳላችሁም እናረጋግጣለን። ያልያዛችሁ ስልካችሁ ላይ ካለ ያም ይበቃል። እናቶች ይቅደሙ።